ለቅዳሜ የቆየ መርዶ

ሐበሻ ሰው ሲሞትበት መጀመሪያ የሚያደርገው ማልቀስ አይደለም፤ መደበቅ ነው። ልጇ የሞተባት እናት ራቷን በልታ፣ ተኝታ፣ ሥራዋን ውላ፣ ዘመድ ከሩቅ እስኪሰበሰብና ንጋት ላይ በሯ እስኪንኳኳ ድረስ አገር ምድሩ አውቆ እሷ ብቻ አታውቅም። ይህ ደግነት ነው ተብሎ የኖረ ነገር ነው። እድላዊትም ብትሆን እስከዚያ ሳምንት ድረስ ክፋት አለው ብላ አስባ አታውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ጄኔቭ ውስጥ ካሩዥ ሠፈር ወዳለው ቢሮዋ ስትገባ አለቃዋ ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ ጠበቀቻት። ቢሮው ከጫማ አዳሽ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ናቸው። ቀይ ባሕር ላይ ሻርክና የባሕር ኤሊ የሚያጠኑ ጥቂት ሰዎች ከመስክ የሚልኩትን መረጃ ጄኔቭ ተቀምጣ የምታጠራው እድላዊት ናት።

"ነህምያ ትናንት ከሰዓት ጠልቆ አልወጣም" አለቻት አለቃዋ በፈረንሳይኛ። "ዛሬ ጠዋት አግኝተውታል።"

"ደህና ነው?" አለች እድላዊት።

አለቃዋ እጇን ያዘቻት። እድላዊት የዚያን ጊዜ ገባት፤ ገብቷትም ግን "ሆስፒታል ወሰዱት?" ብላ ደግማ ጠየቀች።

ነህምያ ዙሪክ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛን የሚሰባብር፣ ቀልድ የማያልቅበት ልጅ ነበር። እድላዊት ሁለት የሥራ ወቅት ቀይ ባሕር ውስጥ ባለች አንዲት ደሴት ላይ አብራው ከርማለች። ዛፍ የሌላት፣ ጥላዋ የራስህ ኮፍያ ብቻ የሆነ ደሴት ናት። ኤሊዎቹ እንቁላል ሊጥሉ ሲወጡ አሸዋ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ይጠብቃሉ፤ አንዷ እንቁላሏን ጥላ ስትጨርስ ቅርፊቷን ጠርገው፣ አድርቀው፣ በሳተላይት የምትታይበትን መሣሪያ በሙጫ ይለጥፉባታል። ቀን ቀን ሻርክ በመንጠቆ ይይዛሉ። ሻርክ በጀርባው ከገለበጡት እንደ ተኛ ሕፃን ዝም ይላል። ነህምያ ጭራውን አቅፎ ሲይዝ እድላዊት ሆዱን ጥቂት ትቀድና ጣት የምታህል ድምፅ ሰጪ ከትታ ትሰፋዋለች። ከባሕሩ ሥር ያንን ድምፅ የሚሰሙ መሣሪያዎች ታስረዋል፤ እነሱ "ጆሮ" ይሏቸዋል። የጆሮዎቹን ባትሪ ለመቀየር ደግሞ መጥለቅ ግድ ነው። ጀልባዋን የሚነዳው የወሎው ሰው መሐመድሁሴን ነው፤ ሥራ ፍለጋ ከደሴቷ ማዶ ወዳለው ወደብ ወርዶ በዚያው የቀረ። ነህምያ ሰኞ ዕለት ከእሱ ጀልባ ዘሎ ገባ፤ ሥር ያለው ውሃ ጎትቶ ወሰደው። ሻርክ አልነካውም። መንጠቆው ባዶውን መውጣት ከጀመረ ሰነባብቷል፤ በዚያ ባሕር ሰው የሚነካ ሻርክ ቢገኝ ኖሮ ነህምያ በደስታ ድግስ ይደግስ ነበር።

ሥራው ራሱ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። ኤሊ ወንድ የሚሆነው እንቁላሉ ቀዝቀዝ ባለ አሸዋ ሲቀበር ነው፤ የደሴቷ አሸዋ ግን ከመጋሉ የተነሣ የሚፈለፈለው ሁሉ ሴት ሆኗል። ሻርኮቹን ደግሞ ባሕር ውስጥ በሕይወት ከሚያገኟቸው ይልቅ ወደቡ ላይ፣ በዓሣ ነጋዴዎቹ በረዶ ቤት ወለል ላይ ክንፋቸው ተቆርጦ የሚለኳቸው ይበዙ ነበር። "እኛ ሐኪም አይደለም እኮ" ይላት ነበር ነህምያ በዚያ በሚሰባበር አማርኛው። "እኛ ቀባሪ ነን። ሜትር ያለው ቀባሪ።" እድላዊት ትስቅ ነበር። ምን ታድርግ፣ እውነቱን ነው።

"እናቱ ዙሪክ ናቸው አይደል?" አለች አለቃዋ። "ፖሊስ ቤታቸው ሄዶ ይነግራቸዋል፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው።"

"በፍጹም!" አለች እድላዊት። "ሁለት ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በር ላይ ቆሞ? እኛ የራሳችን ወግ አለን። ለእኔ ተዉት።"

አለቃዋ እፎይ አለች። እንዲህ ያለውን ሸክም የሚቀበል ሰው ሲገኝ እፎይ የማይል የለም።

እድላዊት ወዲያው ዙሪክ ለጋሽ ሽፈራው ደወለች። ጋሽ ሽፈራው ዕድሜያቸውን ትራም ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቪዲኮን ሠፈር የሚኖሩ፣ የዙሪክ ሐበሾች እድር ሊቀመንበር ናቸው። ሠርግም ሐዘንም ያለ እሳቸው አይሆንም።

"እናቱ ሰምታለች?" ነበር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው።

"አልሰሙም።"

"እሰይ። ማንም ትንፍሽ እንዳይል። አንቺም እንዳትደውዪላት፤ ድምፅሽ ያስታውቃል። ብቻዋን ናት፣ ደም ግፊት አለባት። ወንድሟ ኅሩይ ከስቶክሆልም ይምጣ፤ ቄሱም ይገኙ፤ ሰዉም ከሥራ ይፈታ። ቅዳሜ ንጋት ላይ እናረዳታለን።"

"ቅዳሜ ሩቅ አይደለም፣ ጋሼ?"

"መርዶ የት ይሄዳል ልጄ? ሮጦ አያመልጥ።"

እንዲህ ተባለና ለቅዳሜ ተቀጠረ። በማግስቱ ረቡዕ እድላዊት ቢሮ ውላ ምን እንደሠራች አታውቅም። መሐመድሁሴን ደጋግሞ ደውሎላት ነበር፤ ቁጥሩን እያየች አላነሳችም። ሊያጽናናት እንደሆነ ገምታ፣ እሱም አልቅሶ እኔም አልቅሼ ሥራ ቦታ ምን ይሉኛል ብላ ፈራች። ከሰዓት በኋላ ትራም ስትጠብቅ ስልኳ እንደገና ጮኸ፤ እትዬ ብዙነሽ፣ የነህምያ እናት፣ ናቸው። አለማንሳት አልቻለችም።

"እድልዬ፣ ደህና ነሽልኝ? ሥራ አስፈታሁሽ?"

"ኧረ አላስፈቱኝም። እንዴት ነዎት፣ እትዬ ብዙነሽ?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ። ልጄ... ነህምያ ደህና ነው?"

"ደህና ነው" አለች እድላዊት። ቃሉ እንዴት ሳይደናቀፍ እንደወጣላት ራሷም ገረማት። "ደሴቷ ላይ ኔትዎርክ ጠፍቶ ነው።"

እትዬ ብዙነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ክፉ ሕልም አይቼ እኮ ነው" አሉ። "የማላውቀው ሰው ስልክ ደውሎ 'ልጅዎን ባሕር ወሰደው፤ ይምጡ' ሲለኝ። በአማርኛ ነው የሚያወራኝ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።"

እድላዊት የትራም ማቆሚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰው ስልክ ሲደወልለት ሲያልም ሰምታ አታውቅም፤ ግን የገዛ ውሸቷን እንዳይፈርስባት በሁለት እጇ ደግፋ ስለነበር ልብ አላለችውም።

"በሕልም ሞት ዕድሜ ነው ይባል የለ?" አለች። "ዕድሜው ሊረዝም ነው።"

"ነው፣ እድልዬ?"

"ነው እንጂ።"

"እውነትሽን ነው? አንቺ ታውቂያለሽ፤ ካንቺ የሚቀርብ የለም።"

"እውነቴን ነው፣ እትዬ ብዙነሽ።"

"ተባረኪ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው፤ አንድዬ እንዳፍሽ ያድርገው። ለመሆኑ እኔ ዛሬ የት ደረስኩ?"

ይህ የሁለቱ የቆየ ጨዋታ ነው። ነህምያ ለኤሊዎቹ የዙሪክ ማኅበር እናቶችን ስም ሲያድል አንዷን ብዙነሽ ብሏት፣ እናቱ "ምን በደልኩህ፣ በኤሊ የምትጠራኝ?" ብለው ሳምንት አኩርፈዋል። ኋላ ግን ወደዷት። ደወሉ ማለት "ዛሬ የት ደረስኩ?" ማለት ነው። እድላዊት "ወደ ደቡብ እየቀዘፉ ነው፤ ሠፈሩን ለቀው ሄዱ" አለቻቸው። እትዬ ብዙነሽ ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ውሃ የሚወስደው እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ውሸትም ከውሃ ብዙ አይርቅም።

ሐሙስ ጠዋት አለቃዋ ወደ ጠረጴዛዋ መጣች። ወደቡ ላይ ሬሳ ማቆያ የለም፤ መብራትም እየሄደ ነው። አስከሬኑን ዓሣ ነጋዴዎቹ በረዶ ቤት አስቀምጠውታል። የጤና ሹሙ ደግሞ "ነገ ቤተሰብ ካልመጣ ይቀበር" ብሏል። "ማታ በአዲስ አበባ በኩል አውሮፕላን አለ፤ እናቱ ነገ ቀትር ላይ ይደርሳሉ። ቲኬቱን እኛ እንቆርጣለን። ምን ይላሉ?"

"ልጠይቃቸው" አለች እድላዊት፤ ባቡር ተሳፍራ ወደ ዙሪክ ገሰገሰች። በመንገዱ ሁሉ ዓይኗ ላይ የነበረው ያ የበረዶ ቤት ወለል ነው። እሷና ነህምያ ጠዋት ጠዋት ተንበርክከው ሻርክ የለኩበትን ወለል፣ እርጥበቱንም ሽታውንም ታውቀዋለች። አሁን እዚያ የተኛው እሱ ነው፤ እናቱም ዙሪክ ኩሽናቸው ውስጥ ጎመን እየከተፉ ይሆናል።

ቪዲኮን፣ ጋሽ ሽፈራው ቤት፣ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ከማኅበሩ እናቶች እትዬ ትርፌ ሶፋው ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እድላዊት ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

"ዛሬ እንንገራቸው። ማታ አውሮፕላን አለ። ሄደው ይቅበሩት።"

"ሄዳ ምን ልታይ?" አሉ እትዬ ትርፌ። "ባሕር ያበላሸውን ፊት? ልጄ፣ እናት አይደለሽም፤ አታውቂውም። እዚያው ክልትው ብትል አንቺ ነሽ ተጠያቂዋ?"

"ወንድሟ የሚገባው ነገ ማታ ነው" አሉ ጋሽ ሽፈራው። "ያለ ወንድሟ፣ ያለ ቄስ፣ በሐሙስ ምሽት አራት ሰው ሆነን በር ልናንኳኳ? ሰው ምን ይላል? ብዙነሽ ሰው አጣች ሊባል ነው። እኔ ደግሞ ሁሉን አሰናድቻለሁ። ለሕንፃው ጠባቂ ለሀውስቫርቱ እንኳ ደውዬ 'ቅዳሜ ማለዳ ለቅሶ አለ፤ ጎረቤት እንዳይደነግጥ' ብዬዋለሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሐዘኑን ገለጸልኝ።"

እድላዊት አፏን ከፍታ አየቻቸው። እናቱ ያልሰሙትን ሞት ሀውስቫርቱ ሰምቶ ሐዘኑን ገልጿል። ነገ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ እትዬ ብዙነሽን ሲያገኛቸው አንገቱን ይደፋል፤ እሳቸው ደግሞ "ዛሬ ምን ነካው?" ይላሉ።

"እንዲቀበር ማን ይፍቀድ ታዲያ?" አለች።

"አንቺ ጻፊላቸው። ቤተሰቡ ተስማምቷል በይ። ፍትሐቱን እኛ እዚህ እናደርግለታለን፤ ደግ ልጅ ነበር፣ አይጎድልበትም።"

መከራከር ነበረባት። መጮህ፣ በሩን በርግዳ መውጣት ነበረባት። ግን ያደገችው ትልቅ ሰው ሲናገር እየሰማች ነው፤ ጋሽ ሽፈራውም የሚናገሩት እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ትጣላቸው ነበር። ስልኳን አወጣችና በፈረንሳይኛ አንድ መስመር ጻፈች፤ ቤተሰቡ ተስማምቷል፣ ቅበሩት። ላከችው።

ከዚያ ወጥታ እትዬ ብዙነሽ ወደሚኖሩበት ወደ ዜባህ የሚሄደውን ትራም ያዘች። ማንም አላዘዛትም፤ እግሯ ነው የወሰዳት። ከእትዬ ብዙነሽ ሕንፃ ፊት ለፊት ቆማ የኩሽናውን መስኮት አየች፤ መብራቱ በርቷል። ደረጃውን ወጥቶ ደወሉን መጫን ነው የቀረው። አውሮፕላኑ ገና አልሄደም፤ የላከችውንም መሻር ይቻላል። ነገር ግን በሩ ሲከፈት የምትጠየቀውን ታውቀዋለች፦ "ትናንት ደህና ነው አላልሽኝም?" ይህን ጥያቄ ስታስብ ፊቷ በእፍረት ጋለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው፤ ዞራ ወደ ፌርማታው ተመለሰች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አለቃዋ መልእክት ላከችላት፦ ተቀብሯል።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሕዝቡ ዜባህ ደረሰ። ወንዱ ጥቁር ኮት፣ ሴቱ ነጠላ አዘቅዝቆ፣ በሹክሹክታ ደረጃው ላይ ተኮለኮለ። ሀውስቫርቱ ጥቁር ልብስ ለብሶ የውጭውን በር ከፍቶ ቆሟል። ሊፍቱ ከዚህ በላይ አይጭንም ብሎ ሰውን በተራ በተራ ያወጣል። ጋሽ ሽፈራው ደወሉን ጫኑ።

እትዬ ብዙነሽ በሌሊት ልብሳቸው ከፈቱ። የተደረደረውን ፊት አንድ በአንድ እያዩ ሄዱና ኅሩይ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ።

"ኅሩይ? አንተ መቼ መጣህ?"

ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው "ልጄ ብዙነሽ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን..." ከማለታቸው እትዬ ብዙነሽ "ልጄን!" ብለው እመሬት ወደቁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ ደግሞ አይተረክም። ሕንፃው ተናወጠ። እድላዊት ግድግዳ ተደግፋ፣ እጇን ነክሳ አለቀሰች። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ትንፍሽ አላሉም፤ ቀድሞ ተነግሯቸዋል።

ፀሐይ ወጥቶ ሰው ሲሰክን እትዬ ብዙነሽ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ድምፃቸው ተዘግቶ ጠየቁ።

"አስከሬኑስ? መቼ ይገባል?"

ሁሉም ምንጣፉን ማየት ጀመረ። ጋሽ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ብዙነሽ፣ ትናንት ዐረፈ። አገሩ ሙቀት ነው፤ ማቆየት አልተቻለም። አንቺም እንዳትጎጂ ብለን..."

"ያለ እኔ?"

"ብታዪው አትችዪውም ነበር፤ ብዙነሽ።"

"ማን ፈቀደ?"

እድላዊት ከግድግዳው ተነሥታ መጥታ ፊታቸው ተንበረከከች።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ ብዙነሽ።"

እትዬ ብዙነሽ ብዙ አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቁጣ ቢኖርባቸው ይሻላት ነበር።

"እድልዬ፣ እኔ እኮ ሕልም አላየሁም" አሉ። "ማክሰኞ ማታ በእርግጥ ሰው ደወለልኝ። መሐመድሁሴን እባላለሁ፣ የጀልባው ነጂ ነኝ አለ። ልጅዎን ባሕር ወሰደው፤ አግኝተነዋል፤ ሳንቀብር እንጠብቅዎታለን፣ ይምጡ አለኝ። ሻንጣዬን አሰርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ግን የማላውቀው ሰው ነው፤ በአፌ 'ልጄ ሞተ ወይ' ብዬ መጠየቅ ሟርት ሆነብኝ። ሕልም ነው ብዬ አንቺን ጠየቅሁ። ደህና ነው አልሽኝ። እውነትሽን ነው አልኩሽ፤ እውነቴን ነው አልሽኝ። የማላውቀውን ሰው ትቼ አንቺን አመንኩ፤ ሻንጣዬንም ፈታሁ።"

እድላዊት መሬቱ ቢከፈትላት ትገባ ነበር።

"ሰውዬው ሐሙስም ደወለ" ቀጠሉ እትዬ ብዙነሽ። "ሟርተኛ፣ አንተን ይውሰድህ ብዬ ረገምኩት። ደውዪልኝ፤ ይቅርታ ልበለው።"

እድላዊት ደወለች፤ እትዬ ብዙነሽ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው። መሐመድሁሴን ወዲያው አነሳ።

"ልጄ፣ የነህምያ እናት ነኝ። ረግሜሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።"

"ኧረ እናቴ! አፉ ብያለሁ። እናት ነዎት፤ ምን ያድርጉ። አላህ ያጥናዎት።"

"ፊቱ... ፊቱ እንዴት ነበር?"

"ምንም አልሆነ፣ እናቴ። የተኛ ነበር የሚመስል። በረዶውን እየቀየርን ነው ያቆየነው። እንዲያዩት ብዬ ፊቱን አልሸፈንኩትም ነበር። ትናንት ቤተሰቡ ተስማምቷል ቅበሩ ሲሉን፣ የለም፣ እናቱ መንገድ ላይ ይሆናሉ ብዬ ለመንኳቸው። ከጁምዓ በኋላ አውሮፕላኑ ሲገባ በር ላይ ቆሜ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ወጥቶ አለቀ፤ እርስዎ የሉም። ከዚያ ወዲያ ነው የቀበርነው።"

ጋሽ ሽፈራው ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። እትዬ ትርፌ "እኔን ይድፋኝ" አሉ ቀስ ብለው፤ ዘግይቷል እንጂ።

"እሺ ልጄ" አሉ እትዬ ብዙነሽ ለስልኩ። "እግዜር ይስጥህ።"

ስልኩ ተዘጋ። እድላዊት ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እትዬ ብዙነሽ እግራቸውን ሰብስበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሰው ሁሉ ወደ እድላዊት መጥቶ ትከሻዋን እየነካ "አይዞሽ፣ ደግ አስበሽ ነው" አላት፤ ደግ ማሰቧን ያላነሣላት ሰው አልነበረም። እትዬ ብዙነሽ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቃል አልተናገሯትም።